ለግሸን ተጓዦች በሙሉ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም በዓል፣ እየደረሰ ነው። ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ።

የአምባሰል ሰው ይህን በዓል ዓመቱን ሙሉ ይጠብቀዋል፤ በቅሎ የሚያከራየው፣ ዳቦና ቆሎ የምትሸጠው እናት፣ ዕቃችንን ተሸክሞ ያንን ዳገት የሚወጣው ልጅ፣ ሁሉም። ስለዚህ ስንቁን በሙሉ ከአዲስ አበባ ሸክፈን አንሂድ፣ እዚያው እንግዛ። ዋጋ ላይም እባካችሁ ብዙ አንከራከር።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቆሻሻው ነው። ባዶ ሃይላንድና ፌስታል ጥለን እንወርዳለን፣ ለእኛ በዓሉ አለቀ፤ እዚያ ለሚኖሩት ካህናትና ገበሬዎች ግን አብሯቸው ይከርማል፣ ፌስታሉን ከብት ይበላዋል። መስቀል የመሰለ አምባ ላይ ይህን ማየት ያማል! እያንዳንዳችን አንድ ባዶ ማዳበሪያ እንያዝና የራሳችንን ይዘን እንውረድ። ማስተባበር የምትችሉ እስከ እሑድ ንገሩኝ።