ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት የቡድኖቹ ሠንጠረዥ ይቅረብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውንና ስልኮቻቸውን ከአንድ ማዕከል የሚቆጣጠሩበትን ሶፍትዌር በሌላ ሲተኩ፣ ሥራው አለቀ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያዎቹ በአዲሱ ሥርዓት ተመዝግበው በታዩ ዕለት ነው። እኔ በምሠራበት ድርጅትም ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ የርክክብ ሰነዱም በዚያው ሳምንት ተፈረመ። በወሩ መጨረሻ ላይ ግን የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቻችን ደመወዝ በመሥራት ላይ ሳሉ ኮምፒውተሮቻቸው ማሻሻያ ጭነው በራሳቸው ጠፍተው ተነሡ፤ ያልተቀመጠው ሥራም ጠፋ። በቀድሞው ሥርዓት ይህ ክፍል፣ ማሻሻያ በራሱ እንዲጫን ከሚያዝዘው ፖሊሲ (ሶፍትዌሩ ለመሣሪያዎች ከሚሰጠው ቋሚ ትእዛዝ) ነፃ የተደረገ ቡድን ነበር። በአዲሱም ላይ ቡድኑ በዚያው ስም ተፈጥሯል፣ ከአባላቱም አንድ አልጎደለም፤ ፖሊሲው ግን አያውቀውም ነበር።

ሶፍትዌሩ ቡድንን የሚለየው እኛ በምናነበው ስም ሳይሆን ቡድኑ ሲፈጠር በተሰጠው መለያ ነው። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ አንድ ፋይል አዲስ ቁጥር ተሰጥቶት ወደ ሌላ መደርደሪያ ቢዛወር፣ የቀድሞውን ቁጥር ጠቅሰው የተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ የሚያመለክቱት ባዶ ቦታ ይሆናል። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዱ በሆነው በማይክሮሶፍት ኢንቲዩን፣ ለምሳሌ፣ የቡድን መለያ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ድርጅቱ ወደ ሌላ ቴናንት (በማይክሮሶፍት ደመና ላይ ወዳለ ሌላ የድርጅት መዝገብ) ሲዛወር ቡድኖቹ እንደገና ስለሚፈጠሩ የሁሉም መለያ ይለወጣል። በዊንዶውስ ዶሜይንም (በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ሥር በሚተዳደሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) የኮምፒውተሩ የራሱ የአስተዳዳሪዎች ቡድን መለያ የትም ቢሆን ኤስ-1-5-32-544 ሲሆን፣ ድርጅቱ የፈጠራቸው ቡድኖች መለያዎች ግን በኤስ-1-5-21 ጀምረው የዶሜይኑን ቁጥር ስለሚይዙ ዶሜይኑ ሲቀየር አብረው ይቀየራሉ።

የሒሳብ ክፍሉ ጉዳት ወዲያው ታይቷል። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ፣ ምክንያቱን ስንፈልግ ያገኘነው ሌላው ነው፤ የላፕቶፕ ዲስክ እንዲመሰጠር (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ) የሚያዝዘው ፖሊሲ የመስክ ሠራተኞችን ቡድን የሚጠራው በአሮጌው መለያ ስለነበረ፣ ከዝውውሩ በኋላ ለመስክ የተሰጡት አዳዲስ ላፕቶፖች አንዳቸውም አልተመሰጠሩም። ማንም አልጮኸም፣ የስሕተት መልእክትም አልወጣም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር፣ የዜጎችን ስምና ስልክ የያዘ ላፕቶፕ ሳይመሰጠር በመኪና ላይ መዞሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥገናው ረጅም ቢሆንም የሚቻል ነው። አሮጌው ሥርዓት ከመዘጋቱ በፊት የእያንዳንዱ ቡድን ስም፣ መለያ፣ የአባላት ብዛትና የሚጠሩት ፖሊሲዎች ተለይተው መውጣት አለባቸው፤ ከተዘጋ በኋላ አንድ ባለ 36 ምልክት መለያ የማን እንደነበረ የሚነግር አይገኝም። ቀጥሎ አሮጌውንና አዲሱን መለያ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሠራና በየፖሊሲው ውስጥ ያለው አሮጌ መለያ በአዲሱ ይተካል። ይህንን ስሞችን በማመሳሰል ብቻ በፕሮግራም መሥራት በእኛ አገር የራሱ ችግር አለው፤ በአንዱ ሥርዓት «ሒሳብ» በሌላው «ሂሳብ»፣ በአንዱ «ሠራተኞች» በሌላው «ሰራተኞች» ተብሎ ከተጻፈ፣ ለእኛ አንድ ቃል የሆነው ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። እኛም ጥቂት የማይባሉትን በዓይናችን እያየን ለማዛመድ ተገድደናል። አባላቱን በተጻፈለት ደንብ መሠረት በራሱ የሚሰበስብ ቡድን ሲሆን ደግሞ መለያው ቢስተካከልም ደንቡ ራሱ መፈተሽ አለበት፤ ምክንያቱም ደንቡ የቀድሞውን የምዝገባ ፕሮፋይል (መሣሪያዎች ወደ ሥርዓቱ ሲገቡ የሚመዘገቡበትን ቅንብር) ስም የሚጠቅስ ከሆነ ቡድኑ ይኖራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ነፃ የተደረጉ ቡድኖች ናቸው። ፖሊሲ የሚደርሰው ቡድን ሲጠፋ ፖሊሲው ሳይሠራ ይቀራል፤ «ለሁሉም» በተባለ ፖሊሲ ውስጥ ነፃ የተደረገው ቡድን ሲጠፋ ግን ሊነካ የማይገባው ሁሉ ይነካል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ለውጭ ድርጅት በጨረታ የሚሰጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የምለምነው፣ የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ብዛት ብቻ አይተው እንዳይፈርሙ ነው። የአሮጌና የአዲስ መለያዎች ሠንጠረዥ፣ ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ያለው የየቡድኑ የአባላት ብዛት፣ እንዲሁም ነፃ ከተደረገ ቡድን ቢያንስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ከውሉ ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ የመጨረሻው ክፍያም እስከዚያው ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ባለሙያ
አዲስ አበባ