መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው እንዳይቋረጥ፦ ለጎንደር የሶፍትዌር ማኅደር የድጋፍ ጥሪ

በጎንደርና በአካባቢዋ ኮድ የምትጽፉ፣ የምታስተምሩና የምትማሩ፣ እንዲሁም ከከተማዋ ርቃችሁም ነገሯ የሚገዳችሁ ወገኖቻችን፦

ማራኪ አካባቢ አንድ አባላችን በነጻ በሰጠን ክፍል ውስጥ የሚሠራው የጋራ የሶፍትዌር ማኅደራችን አዲስ አገልግሎት ሊጨምር ነው። እስከ ዛሬ ፕሮግራሞቻችንን ስናስቀምጥ የኖርነው ሰብቨርዥን በተባለው የሥሪት መቆጣጠሪያ ብቻ ነበር። አሁን ከጎኑ ጊት የተባለ ሌላ የሥሪት መቆጣጠሪያ ይተከላል። ሥራውን በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ልጆች አሉን፤ ሶፍትዌሩም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የጎደለን ዕቃና የአንድ ዓመት የኢንተርኔት መስመር ኪራይ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገን 300,000 ብር ሲሆን፣ ይህን ጥሪ የጻፍነውም ከእናንተ ለመጠየቅ ነው።

ለሙያው እንግዳ የሆናችሁ ደጋፊዎች ገንዘባችሁ የሚውልበትን ነገር ማወቅ ስለሚገባችሁ ከመሠረቱ እንነሣ። ፕሮግራም ማለት ብዙ ሰው የሚነካካው ረጅም ጽሑፍ ነው። የሥሪት መቆጣጠሪያ እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው ይመዘግባል፤ የተበላሸውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ፋይል ላይ ለየብቻ የሠሩትንም ያዋሕዳል። ሰብቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ ብዙ ያገለገለና ዛሬም የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ነገር ግን የአንድ ፕሮግራም ሙሉ ታሪክ የሚቀመጠው በሰርቨሩ፣ ማለትም ማኅደሩን በያዘው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ላይ ብቻ ነው። በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው አንድ ቅጂ ነው። አዲስ ለውጥ ለመመዝገብም ሆነ የአምናውን ለማየት ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት ግድ ይላል። መስመር በማይቋረጥበት ከተማ ይህ አያስቸግርም። እኛ ዘንድ ግን መስመር ሲጠፋ መዝገቡም አብሮ ይዘጋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የደረሰብንን በማኅደሩ የምትሠሩ ታስታውሳላችሁ። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽም የዋለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 እንጂ እንደ ወትሮው በ11 አልነበረም። በማኅደራችን ካሉት መዝገቦች አንዱ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ ነው፤ የቀጠሮ ካርድ የሚያትሙ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ያቺን ስድስተኛ ቀን የሚዘነጋ ስሕተት ነበረበት። አዘዞ የምትኖር ባልደረባችን ጳጉሜን ሳትገባ ስሕተቱን አገኘችው፤ የተሳሳተውን የኮድ መስመርም አረመችው። ግን የት ትመዝግበው? ሰርቨሩ ማራኪ ነው፤ ኢንተርኔት የለም። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጣ ወደ ፒያሳ በሚመጣ ሰው እጅ ላከችው።

ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ፋይሉ «የመጨረሻው»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻው ሁለት»፣ ቀጥሎም «ትክክለኛው የመጨረሻው» እየተባለ ተባዛ። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተባባሪ ወደ ማራኪው ክፍል መጥቶ እርሱ ያስተካከለውን ፋይል መዘገበ። እርሱ የሠራው ግን የባልደረባችን እርማት ባልገባበት የቆየ ቅጂ ላይ ነበር። የቆየውን ቅጂ እርማቱ በገባበት በአዲሱ ላይ ሲገለብጠው ሰብቨርዥን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ እንደ ማንኛውም ለውጥ ተቀበለው። እርማቱ ጠፋ፤ ካርዶችም የአንድ ቀን ስሕተት ይዘው ታተሙ። ከገጠር ተነሥቶ ለሕክምና ቀጠሮ ጎንደር ለሚገባ ሰው አንድ ቀን ቀላል ነገር አይደለም። የማደሪያ ገንዘብ ነው፤ ሰው ያልጠበቀው ከብት ነው፤ አንዳንዴም ተራው አልፎ እንደ ገና መሰለፍ ነው። ሁለቱም ልጆች ሥራቸውን በትጋት ሠርተዋል። መሣሪያው ግን መስመር በሌለበት እንዲሠራ የተሰናዳ አልነበረም።

ጊት የተወለደው በሌላ ዓይነት መቋረጥ ምክንያት ነው። የሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር የተባለ የንግድ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይጠቀሙ ነበር። በ2005 ያ ፈቃድ ተነሣባቸው። የሊነክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስም በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ፤ በጁን የወጣው የከርነሉ 2.6.12 ሥሪት በጊት ተይዞ ወጣ። ከጁላይ 2005 ወዲህ የጊትን ሥራ የሚመራው ጁኒዮ ሃማኖ ነው። ያ ሁሉ የተሠራው ዓለም ላይ ተበታትነው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ማዕከል ሳይጠብቁ እንዲሠሩ ታስቦ ስለሆነ ለእኛ ሁኔታ በልክ የተሰፋ ያህል ይስማማናል።

በጊት የሚሠራ ሰው የሚወስደው ሙሉ መዝገቡን ከነታሪኩ ነው። አዘዞ ቤቷ የተቀመጠችው ባልደረባችን እርማቷን እዚያው በራሷ ኮምፒውተር ላይ ከነምክንያቱ ትመዘግባለች፤ የአምናውንም ታያለች፤ ከማንም ፈቃድና ከየትም መስመር አትጠብቅም። ለሌላ ሰው ማድረስ ስትፈልግ ጊት ለውጦቹን ሁሉ ከነታሪካቸው በአንድ ፋይል ይጠቀልልላታል፤ ይህ ባንድል ይባላል። በፍላሽ ይሄዳል። ተቀባዩ ሲከፍተው ጊት መርምሮ የጎደለ ነገር ካለ ይናገራል፤ ሁለት ሰዎች አንድ መስመር ላይ የተለያየ ነገር ጽፈው ከሆነም ሁለቱንም አቅርቦ «ምረጥ» ይላል እንጂ አንዱን በዝምታ አያጠፋም። እያንዳንዱ ምዝገባ ከይዘቱና ከእርሱ በፊት ካለው ምዝገባ ተሰልቶ የሚወጣ 40 ምልክት ያለው መለያ አለው። በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መለያው አይገጥምም። «ትክክለኛው የመጨረሻው» የሚባል ፋይል ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ሰው አይኖርም።

«ታዲያ ለምን ታላላቆቹን የውጭ ማኅደሮች አትጠቀሙም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እንጠቀማለን፤ እናንተም ተጠቀሙ። የመዝገቦቻችንን ቅጂ እዚያም እናኖራለን። ብቸኛ ማረፊያችን ግን ሊሆኑ አይችሉም። ጊቶሪየስ በ2015፣ ጉግል ኮድ በ2016 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል። ቢትባኬት በ2020 ሜርኩሪያል ለተባለው የሥሪት መቆጣጠሪያ የሚሰጠውን አገልግሎት አቁሞ መዝገቦቹን አስወግዷል። ጊትሀብ በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶርያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎችን አገልግሎት ገድቦ ነበር። እነዚህ ድርጅቶች በራሳቸው ሕግና በአገራቸው ሕግ ይሠራሉ፤ አንወቅሳቸውም። የእኛ ነገር በእነርሱ ውሳኔ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል ግን አንፈልግም። በዚያ ላይ የጎንደር መስመር ሲቋረጥ ካሊፎርኒያ ያለ ሰርቨር መሥራቱ ለእኛ ምንም አይረባንም። ማራኪ ያለው ሰርቨር ግን ከክፍሉ የውስጥ መስመር ጋር ኮምፒውተሩን ላገናኘ ሰው ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ክፍት ነው።

ልጆቻችን ሥራውን ጀምረዋል። ለጊቱ መኖሪያ የመረጡት ፎርጄዮን ነው፤ በርሊን ያለው ኮድበርግ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ጥላ የሆነለት፣ በትንሽ ማሽን ላይ የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር። ከባዱ ሥራ ተከላው አልነበረም። ከባዱ የቆየውን ታሪክ ሳይጎድል ማሸጋገር ነው። ሰብቨርዥን የሚይዘው የመግቢያ ስም ብቻ ሲሆን ጊት ለእያንዳንዱ ለውጥ የሠሪውን ሙሉ ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹ የየመዝገቡን ተሳታፊዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ ስልክ እየደወሉ፣ ስማችሁን ከነአባታችሁ ስም እንዴት እንጻፈው እያሉ ዝርዝር እያዘጋጁ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሌላ ከተማ የገባ፣ በተማሪነቱ ሁለት መስመር ብቻ አርሞ የሄደ ሰው ሳይቀር ስሙ ከሥራው ጋር እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ። ይህን ትጋታቸውን ሳይ ጥሪውን ለመጻፍ አላመነታሁም።

ሌላም ነገር ገጥሟቸዋል። «ጎንደር» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ጊት ውስጥ ሲገባ በዝርዝሩ ላይ ስሙ በቁጥር ይወጣል፤ «ጎ» ብቻዋን 341፣ 214፣ 216 በሚሉ ሦስት ቁጥሮች ተተክታ ትታያለች። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ስሙ በትክክል ተቀምጧል፤ ችግሩ የማሳያው ብቻ ነው። ኮትፓዝ የሚባለውን ቅንብር ማጥፋት በቂ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ግን ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል፤ ከዚያም የፋይሉን ስም በላቲን መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ ለጀማሪዎች በአማርኛ የሚዘጋጀው መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

ሰብቨርዥን አይነቀልም። የግእዝ ፊደል ቅርጽ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን አጥብቀው ለምነውናል፤ ምክንያታቸውም ትክክል ነው። የሚሠሩባቸው ፋይሎች እንደ ጽሑፍ መስመር በመስመር የሚዋሐዱ አይደሉም፤ አንድ ሰው በያዘው ፋይል ላይ ሌላው እንዳይገባ መቆለፍ አለባቸው፤ ሰብቨርዥን ደግሞ ይህን መቆለፊያ አብሮ ይዟል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ መዝገብ የሚበጀውን ይመርጣል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አሁን ያለው ማሽን ያረጀ ስለሆነ ሁለቱን አገልግሎቶች አይሸከምም። 110,000 ብር ያህሉ ያገለገለ ግን ጠንካራ ሰርቨር ይገዛል። 90,000 ለሦስት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች ነው፤ ሁለቱ ሰርቨሩ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲቀጥል። ሦስተኛው ከማራኪ ርቆ አዘዞ ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ቅጂ ይወሰድበታል። 50,000 መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ለሚሰጠው ዩፒኤስና ለባትሪ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይህን ወጪ አይከራከርም። የቀረው 50,000 ለዓመት የመስመር ኪራይና ለዶሜይን (ለኢንተርኔት አድራሻ ስም) ክፍያ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ፣ ዕቃውን የምንገዛው ገንዘቡ እንደ ተሰበሰበ ሳንውል ሳናድር ነው። ለሠራተኛ የሚከፈል አንድም ሳንቲም የለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ሙሉውን እንዲሸከም አንጠብቅም። የተማሪ 50 ብርም ትመዘገባለች፤ በደረሰኝም ትቆጠራለች። ከተማው ውስጥ የኮምፒውተር መደብርና የጥገና ቤት ያላችሁ በዕቃ ልታግዙን ትችላላችሁ፤ ኬብል፣ ማቀዝቀዣ ፋን፣ ያገለገለ ስዊች ሁሉ ይጠቅመናል። ለጥምቀት ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ወደ ጎንደር የምትመጡ ደግሞ አንድ ያልተከፈተ ሃርድ ዲስክ በሻንጣችሁ ብታመጡልን ከገንዘብ የበለጠ ያግዘናል፤ እዚህ ተፈልጎ የማይገኝበት ጊዜ አለና። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ዓይነቱን ጠይቁን፤ ለዘወትር ሥራ የማይሆኑ ርካሽ ዲስኮች አሉ።

ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር መላክ ትችላላችሁ፤ የሒሳብ ቁጥሩና የገንዘብ ያዣችን ስልክ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል። ከከተማው ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማራኪው ክፍል ብትመጡ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል፤ ማሽኑንም ታያላችሁ፤ ልጆቹ እንዴት እንደሚሠራም ያሳዩአችኋል። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ስሙ እንዲጠቀስ የማይፈልግ ሰው «ወገን» ብለን እንድንመዘግበው ይንገረን።

ገንዘቡ በሙሉ ሳይሞላ ቢቀር ሥራው አይቆምም። መጀመሪያ ዲስኮቹን እንገዛለን፤ ቀጥሎ ዩፒኤሱን፤ ሰርቨሩ የመጨረሻ ነው፤ እስከዚያው ጊት ለአነስተኛ መዝገቦች ብቻ በአሮጌው ማሽን ላይ ይከፈታል። ቢተርፍ ደግሞ የሁለተኛው ዓመት የመስመር ኪራይ ይሆናል እንጂ ለሌላ ነገር አይውልም። የመጀመሪያው ተሸጋጋሪ መዝገብ ተመርጧል፤ ያ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ ነው፤ ባልደረባችንም እርማቷን እንደ ገና ጽፋ፣ ለጳጉሜን ስድስት መፈተሻም ጨምራበት አዘጋጅታዋለች።