ስለ ፖትስዳሙ የጠፈር ሞዛይክ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በጀርመኗ ፖትስዳም ከተማ እንደገና ስለተሠራው የጋርኒዞን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ከጎኑ ያለውን የቀድሞውን የኮምፒውተር ማዕከል ግን «አሮጌ ሕንፃ» ብላችሁ ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል።

በዚያ ሕንፃ የታችኛው ግድግዳ ላይ ሠዓሊው ፍሪትዝ አይዘል እ.ኤ.አ. በ1972 የጨረሰው ባለ 18 ክፍል ሞዛይክ አለ። ርእሱ «ሰው ጠፈርን ድል ያደርጋል» ይላል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የሶቪየቱ ጠፈርተኛ አሌክሴይ ሌዎኖቭ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ 12 ደቂቃ ያህል በባዶ ጠፈር ተንሳፍፎ ነበር። የዚያ ዘመን መደነቅ በጥቃቅን ባለቀለም ቁርጥራጮች ተለቅሞ እዚያ ተቀምጧል፤ ያውም ሙዚየም ውስጥ ሳይሆን እግረኛ በሚያልፍበት መንገድ ዳር። ትንሿ ልጄ በዚያ ባለፍን ቁጥር እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ሳትዳስስ አታልፍም።

እ.ኤ.አ. በ1945 በቦምብ የተመታችውን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1968 ጠራርጎ አፍርሶታል። የምእመናኑ ቁስል ይገባኛል። ግን አሁን ደግሞ የኮምፒውተር ማዕከሉ ሕንፃ ይነሣ፣ ሞዛይኩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሥራው የተነደፈው ለዚያ ግድግዳ፣ ኮምፒውተሮች ለሚሠሩበት ቤት ነው፤ ከዚያ ሲለይ ግማሽ ትርጉሙ ይቀራል። ሕንፃው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአርቲስቶች መሥሪያ ሆኖ እያገለገለ ነው፣ ባዶ አይደለም።

በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ የሞዛይኩን ፎቶግራፍ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከበርሊን