«አዋጁ ይቀይርልህ»

ክቡር አዘጋጅ፣

ለአሮጌዋ ኮሮላዬ የውሃ ፓምፕ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ የሻንሲ ቁጥር እንኳ ሳይጠይቅ፣ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሸጠልኝ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ስመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ አሳየኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ እንደሚፈቅድ ብነግረው፣ «እንግዲያው አዋጁ ይቀይርልህ» አለኝ። (ሽበቴን አይቶ «አንተ» ማለቱን ልተወው።)

ጎረቤቱ ያሉት አዛውንት ግን የወለቀውን ፓምፕ አገላብጠው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቆጥረው፣ «የሚሆንህ እኔ ጋ የለም፤ ማዶ ጠይቅ» አሉኝ። ምንም ሳይሸጡልኝ ደንበኛቸው ሆኛለሁ።

አንድ አሽከርካሪ፣ ከኮልፌ