ስታቲስቲክሱን አትተዪው

ይድረስ ለእሙዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። በስልክ ብነግርሽ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግኩት። ወንድምሽ ትናንት አፉ አምልጦት ነገረኝ፤ የመጀመሪያው ፈተና 61 መጣብሽና ስታቲስቲክሱን ድሮፕ ልታደርጊው ነው አሉ። እሱን አትቆጪው፣ እኔ ነኝ አውጣጥቼ የጠየቅኩት።

ልጄ፣ ስታቲስቲክሱን አትተዪው።

ሌላ ኮርስ ቢሆን ዝም እል ነበር። ፐብሊክ ፖሊሲ፣ የመንግሥት ፖሊሲ ጥናቱን፣ እማራለሁ ካልሽ ግን በሩ ይኸው ነው። ኤምፒፒ የሚሉት የሁለት ዓመት ማስተርስ የትም ብትገቢ መጀመሪያ የሚጠብቅሽ ማይክሮኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና የፖሊሲ ትንተና ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን፣ ጂአርኢን፣ ግዴታ ማድረግ ስለተዉ የቅበላ ኮሚቴው "ይቺ ልጅ ቁጥሩን ትችለዋለች ወይ?" ብሎ መልሱን የሚፈልገው ትራንስክሪፕትሽ ላይ ነው። ቢ ማይነስ ያላት ታስረዳለች። ምንም የሌላት ምን ታስረዳለች?

በ61 ደግሞ ሰማይ አይደፋም። ዛሬውኑ የኮርሱን ዕቅድ፣ ሲለበሱን፣ ክፈቺና ፈተናው ከጠቅላላው ስንት ፐርሰንት እንደሚይዝ እዪ። 15 ከሆነ የጎደለብሽ 6 ነጥብ አይሞላም። አስተማሪሽ ጋ ኦፊስ አወር ስትሄጂ "አልገባኝም" ብለሽ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ የሳትሻቸውን ጥያቄዎች እንደገና ሠርተሽ፣ የቆምሽበትን መስመር አስምረሽበት ሂጂ።

"እኔ የምፈልገው ሰው መርዳት ነው፣ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?" ስትዪ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። እንግዲህ ስሚኝ። አንድ የሥራ ሥልጠና ፕሮግራም "ካስመረቅናቸው 100 ሰዎች 80ዎቹ ሥራ ያዙ" ብሎ ተጨማሪ በጀት ጠየቀ እንበል። የካውንስሉ አባላት ያጨበጭባሉ። አንቺ ግን ጥያቄ አለሽ። 100 ሰው የተመረቀው ስንት ሰው ጀምሮ ነው? 200 ከሆነ፣ ሥራ መያዙ የታወቀው ከመቶ 40 ብቻ ነው። የተመዘገቡትስ እነማን ናቸው? ድሮም ሥራ ፍለጋ የማይቦዝኑ ሰዎች ከሆኑ ያለ ሥልጠናውም ይይዙ ነበር። ተመሳሳይ ሆነው ያልሠለጠኑት ምን ሆኑ? ሥራውስ ከስድስት ወር በኋላ አለ ወይ? ይኼን የሚጠይቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ገንዘቡ ወደማይሠራው ፕሮግራም ይሄዳል፤ የሚጎዳውም ያው አንቺ ልትረጂው የምትፈልጊው ሰው ነው። እኔ በምሠራበት የበጀት ክፍል ደግ ልብ ሞልቷል። የሚታጣው ይኼን የሚጠይቅ ነው።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ የምቸኩለው ለዚህ ነው። ፒፒአይኤ የሚባለውን፣ ተማሪዎችን ለፖሊሲ ማስተርስ የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም፣ ነግሬሻለሁ። ጁኒየር ሰመር ኢንስቲትዩት የሚሉት የሰመር ፕሮግራሙ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያለ ነው፤ የተጀመረውም ውሳኔው የሚነካቸው ሰዎች ልጆች ውሳኔው ከሚሰጥበት ክፍል ስለታጡ ነው። ሰባት ሳምንት ያህል ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና የሜሞ (ለባለሥልጣን የሚቀርብ አጭር የምክር ጽሑፍ) አጻጻፍ ያስጠኑሻል። ትምህርቱና መኖሪያው በነሱ ነው፣ የኪስ ገንዘብም አለው። ሚሺጋን፣ በርክሌይ፣ ካርኔጊ ሜለንና ሚኒሶታ ሲያስተናግዱት ኖረዋል። ጨርሰሽ በፒፒአይኤ ኅብረት ውስጥ ካሉት የማስተርስ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከተቀበለሽ ቢያንስ 5,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ይጠብቅሻል። ነገር ግን በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት መካከል ላለው ሰመር ብቻ ነው፤ ማመልከቻውም ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር መጀመሪያ ይዘጋል። ብዙ ልጆች ወሬውን የሚሰሙት አራተኛ ዓመት ከገቡ በኋላ ነው፤ ያኔ አልፏል። አንቺ ሰምተሻል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን አስተማሪዎች በዚህ ሳምንት ጠይቂ፤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጫቸው። ሲቪሽን፣ የድርሰትሽን ረቂቅና የመዝጊያ ቀኑን በአንድ ኢሜይል ላኪላቸው። ስታቲስቲክሱን ከተውሽው ግን ማመልከቻው ላይ ምን ልትጽፊ ነው?

ድርሰቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልቆጣሽ። ስደታችንን አትሽጪ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ኮሌጆች በቅበላ ዘርን እንዳይመዝኑ ሲከለክል፣ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው መጻፉን አልከለከለም፤ ስለዚህ ጻፊው። ግን "አባቴ ታክሲ ነዳ፣ እናቴ ሁለት ሥራ ሠራች" ብሎ የሚያበቃ ድርሰት አንባቢውን አሳዝኖት ይቀራል። የአክስትሽን ነገር ውሰጂ፤ ያኔ የልጅ ማቆያ ድጎማው የተቋረጠባት ጊዜ። እሷ ብቁ ነበረች፤ የማደሻው ፎርም በጊዜ አልተመለሰም፣ ያ ነው። አሁን ጠይቂ፦ የፌዴራሉ ሕግ ከ2014 ወዲህ ብቁነቱ ቢያንስ ለ12 ወር ይጽና ይላል። ታዲያ ፎርሙን፣ የደብዳቤውን ቋንቋና የመመለሻውን ቀን ማን ወሰነ? ስቴቱ ነው ወይስ በሥሩ ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ የካውንቲው፣ ልማድ? በደንብ ከሆነ ደንቡን የሚያወጣው የትኛው ቢሮ ነው? በልማድ ከሆነ በአንድ ሰርኩላር ይስተካከላል። እዚህ ከደረስሽ ድርሰትሽ የፖሊሲ ድርሰት ሆነ።

ሜሞ ሲያስጽፉሽም እንደዚሁ ነው። ቢበዛ ሁለት ገጽ፤ ለማን እንደሆነ በስምና በሥልጣን፤ ምክርሽ በመጀመሪያው አንቀጽ። አለቃ ሁለተኛውን ገጽ ላያይ ይችላል። ከአማራጮቹ አንዱ ሁልጊዜ "ባለበት ይቀጥል" ይሁን። ደግሞ መፍትሔውን ችግሩ ውስጥ አትደብቂው፦ "የሌሊት አውቶቡስ የለም" ብለሽ ከጀመርሽ መልሱ አውቶቡስ ብቻ ይሆናል። "የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ሥራ መድረስ አልቻሉም" ካልሽ ግን ሌላም መንገድ ይታይሻል።

እዚህ ላይ ስለ ወንድምሽ ማንሣት አልፈልግም ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ በስቴቱ ምክር ቤት በሰመር ሊሠራ ዕድል ሲያገኝ ምን እንዳልኩት ታስታውሻለሽ፤ "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ" አልኩት። የአያትሽ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ታውቂዋለሽ፤ ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ ወጥቶ እንደቀረ። ያንን ፍርሃት ይዤ ባሕር ተሻግሬ በልጄ ትከሻ ላይ ጫንኩት። እሱም እሺ ብሎ ፋርማሲ ገባ። ጥሩ ደመወዝ አለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን እሑድ እሑድ እኔ ወደ ቤት የማመጣቸውን የበጀት ሰነዶች አንሥቶ ሲያነብ ሳየው ቀና ብዬ አላየውም። አንቺን "ተዪው" ያላልኩሽ ለዚህ ነው። እንግዲህ እኔ ሳልከለክልሽ አንድ ፈተና ይከልክልሽ?

ሥራው አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የፌዴራሉ መንገድ ጠቧል። ከ1977 ጀምሮ ማስተርስ የጨረሱትን ወደ መንግሥት ሥራ ያስገባ የነበረው የፕሬዚዳንታዊ ማኔጅመንት ፌሎውሺፕ በፌብሩዋሪ 2025 እንዲዘጋ ታዘዘ፤ ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ፈርሶ የቀረው ወደ ስቴት ዲፓርትመንት ገባ። ስለዚህ ዓይንሽን ዋሽንግተን ላይ ብቻ አትትከዪ። አገሩ ከ3,000 በላይ ካውንቲ አለው፤ የበጀት፣ የትራንስፖርትና የቤቶች ቢሮዎቻቸው ሬግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚለካውን የስታቲስቲክስ ስሌት) የሚያነብና ሜሞ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። የብድሩ ነገር ካስፈራሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ 120 ብቁ ክፍያ ከከፈለ የቀረው የፌዴራል ብድር ይሰረዝለታል፤ የግል ባንክ ብድር ግን አይቆጠርም። አሠሪሽን በየዓመቱ አስመስክሪ፤ ሰው የሚሸወደው አሥር ዓመት ጠብቆ ወረቀት መፈለግ ሲጀምር ነው።

አንድ ቀን የደኅንነት ማጣሪያ የሚጠይቅ ሥራ ካማረሽ ደግሞ ኤስኤፍ 86 የሚባለው ፎርም የቅርብ ዘመዶችሽን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ዜግነት ይጠይቃል። የኛ ቤት ችግር እዚህ ነው። የአባትሽ ፓስፖርት ላይ ያለው የትውልድ ዓመት ሲቀየር ተሳስቶ የቀረ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የአክስትሽም የአባት ስም በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ፊደል ተጽፏል። ከአሁኑ አንድ ደብተር ላይ ጻፊያቸው፣ ለገና በዓል ስትመጪ አብረን እናስተካክላለን።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ከዚያ በፊት የሲለበሱንና የፈተናውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ወንድምሽ ያይልሻል፣ እሱ ራሱ ነው ልይላት ያለኝ። ምሳሽን በልተሽ ክፍል ግቢ። ስታቲስቲክሱን አትተዪው።

እናትሽ