ከቅዳሜው ቅብ በፊት፦ ቀለም ስለማቅጠን

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ፒያሳ ባለው ክፍላችን ለመድረክ የሚሆኑትን ጋሻዎችና ዘውዶች እንቀባለን። እባካችሁ አክሬሊክ ቀለሙን ከጠርሙሱ እንዳለ አትቀቡት። ወፍራም ቀለም የብሩሽ መስመር ይተዋል፤ የመድረክ መብራት ሲያርፍበት ደግሞ ይብሳል።

ያሉን ቀለሞች ቫሌሆና ታሚያ የሚባሉ ሁለት የአክሬሊክ ዓይነቶች ናቸው። ቫሌሆ በውኃ ይቀጥናል። ለሁለት ጠብታ ቀለም አንድ ጠብታ ውኃ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ወተት ሲመስል በቃ። ውኃው ከበዛ ቀለሙ ጥግ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ታሚያ ግን ሌላ ጸባይ አለው። አልኮል ስላለበት በብሩሽ ሲቀቡት ቶሎ ይይዛል፣ ሁለተኛው ቅብ የታችኛውን ያነሳዋል። ለእሱ የራሱን ማቅጠኛ ተጠቀሙ፤ መድረቁን የሚያዘገየው ፈሳሽ ካለን ጥቂት ጠብታ ጣል አድርጉበት። ለእጅ ቅብ እኔ ቫሌሆን እመርጣለሁ።

ስስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ቀቡ፤ በመሃል በደንብ ይድረቅ። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ሳህን ላይ እንዳለ ይደርቅባችኋል። እርጥብ ስፖንጅ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፉና እዚያ ላይ በጥብጡት፣ ለሰዓታት ይቆያል።

ከፎም የተሠሩት ጋሻዎች መጀመሪያ በቀጠነ ነጭ ኮላ ይቀቡ፤ አለዚያ ቀለሙን ይመጥጡታል። ኮላው ለቅዳሜ እንዲደርቅ ዓርብ ማታ መምጣት የምትችሉ አሳውቁኝ።