ቺፕሱን ማን ገዛለት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ስድብ በአንድ ጊዜ ጠጣሁ።

የአራት ዓመት መንታዎች አሉኝ፤ ወንድና ሴት። ታክሲው እስኪሞላ ስንጠብቅ አንድ ቺፕስ ሻጭ በመስኮት በኩል መጣ። ወንዱ «ግዢልኝ» አለ። ምሳ ሰዓት ስለደረሰ «አይሆንም» አልኩት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የፊቱን ወንበር በእግሩ እየደበደበ ታክሲውን በጩኸት አናጋው። እህቱ ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚውን ታያለች።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አሳዳጊ የበደለው!» አሉ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ደግሞ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ «ተይው ልጄ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አሉኝ። በአንዷ ፍርድ ጥፋቱ የአስተዳደጌ ነው፣ በሌላው የዘሬ። ሁለቱም መንገድ ዞሮ ዞሮ እኔ ቤት ያደርሳል።

መንታ ከወለድኩ ወዲህ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በፈረንጆቹ 1956 ኒውዮርክ ውስጥ ቶማስና ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሕፃናትን ከጨቅላነት ጀምረው ለዓመታት ተከታተሉ። ከመቶው 40 ያህሉ ገር ነበሩ። 15 ያህሉ አዲስ ነገር ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። 10 ያህሉ ግን ገና በጨቅላነታቸው አስቸጋሪ ነበሩ። የኔው ከነዚህ ወገን ነው። እንደገና በፈረንጆቹ 2015 ከ14 ሚሊዮን በላይ ጥንድ መንታዎችን ያካተቱ የ50 ዓመት ጥናቶች አንድ ላይ ተመዝነው ነበር። በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት፣ ከቁመት እስከ ጠባይ፣ በአማካይ 49 በመቶው ከዘር ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህ ማለት ግን የልጄ ጩኸት ግማሹ ከደሙ፣ ግማሹ ከኔ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰዎች ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይናገርም።

የኔዎቹ ደግሞ ከአንድ እንቁላል የመጡ አይደሉም። በዘር ከማንኛውም እህትና ወንድም አይበልጡም። አንድ ቤት፣ አንድ ምግብ፣ አንድ እናት፤ አንዱ እሳት ሌላዋ ውሃ። ስለዚህ ለአዛውንቱ ትንሽ እውነት እሰጣቸዋለሁ።

ጩኸቱ ከምንም ይምጣ፣ ምን እንደሚያስገኝ ግን ልጁ ከኛ ነው የሚማረው። ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ቤተሰቦችን እቤታቸው ድረስ ሄዶ ያጠና ነበር። ልጅ ይጮኻል፣ ወላጅ ይሸነፋል፣ ልጅ ዝም ይላል። ሁለቱም ተገላገሉ። ስለተገላገሉም ሁለቱም ይለምዱታል። እኔም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም፤ ሰርግ ቤት ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ ስንቴ ስልኬን አስይዤዋለሁ!

የዚያን ቀን ግን ጨክኜ ነበር። ረዳቱ «ኩርኩም ነው የሚያስፈልገው» አለ። (እኛ ከኩርኩም አልፎ በበርበሬ ጭስ ታጥነን ነው ያደግነው። ውጤቱን ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ማየት ይቻላል።) ዝም አልኩ። ሁለት ደቂቃ ብታገሥ ይደክመው ነበር፤ አውቀዋለሁ። በዚህ መሀል ከኋላ «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም አንድ ቺፕስ በሰው እጅ እየተላለፈ ልጄ ጋ ደረሰ። እንባው ሳይደርቅ ፈገግ አለ።

የገዙለት እነዚያው «አሳዳጊ የበደለው» ያሉት ሴትዮ ናቸው። በዚያች ሰዓት አሳዳጊው ማን ነበር? ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለች እናት ያጋጠማችሁ እንደሆነ፣ እባካችሁ እንደ ሴቷ ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ እዩ።

ማታ ለአማቴ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ዛሬ ድምፁ የማይሰማ ጭምት ሰው ነው። እሳቸው ግን ሳቁ። «አባቱስ! አንድ የጥምቀት ዕለት ፊኛ ካልገዛሽልኝ ብሎ ጃንሜዳ መሬት ላይ ተንከባሎ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ገዛሁለታ! ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ምን ላድርግ?»

የመንታዎች እናት፣ ከአዲስ አበባ